አለበል አድማሴን ያያችሁ

ጳጉሜን 3 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ትሕትና አድማሴ በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ኢንተር የሚለውን ቁልፍ ለሰባተኛ ጊዜ ተጫነች። ለሰባተኛ ጊዜም ያው ቀይ መስመር ወጣባት። የመስመሩ ትርጉም አጭር ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም።

«የለም?» አለች ለስክሪኑ። «እንዴት የለም? ዛሬ አይደለም እንዴ!»

ከመስኮቱ ውጭ የሩፋኤል ዝናብ ይወርዳል። የሠፈሩ ልጆች በረከቱ እንዳያመልጣቸው ከየደጃፉ ወጥተው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ እየጮኹ ይጠመቁበታል። የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ባለ ዝናብ ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ወንድሟ አለበል ከሚጠመቁት ልጆች መካከል ቀስ ብሎ ወጣ። ያየችው እርሷ ብቻ ነበረች፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ሲሾልክ ዞር ብሎ አያትና ጣቱን በከንፈሩ ላይ አደረገ። እርሷም እስኪመሽ ድረስ ለማንም ሳትተነፍስ ቀረች። ከዚያን ቀን ወዲህ አለበልን አይቶ ለቤተ ሰቡ የነገረ ሰው የለም።

ለምን እንደ ሄደ ግን ለማንም አልጠፋውም። ቅኔ ፍለጋ ነው የሄደው። በጎጃም አገር ልቡ በትምህርት የተነካ ልጅ ወላጆቹን ተሰናብቶ አይወጣም፤ ቢሰናበት ያስቀሩታልና። ከጉባኤ ቤት ሲደርስ ስሙን ይለውጣል፤ አገሩን ይደብቃል። አባት ፈልጎ ቢመጣ ተማሪዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ «እንዲህ ያለ ልጅ አናውቅም» ይላሉ። ነገ የእነርሱም አባት ሊመጣ ይችላልና ይህ ቃል ኪዳናቸው ነው።

አለበል ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተይዟል። አባታቸው አቶ አድማሴ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ነበሩ፤ አንድ ወንድ ልጃቸው መሐንዲስ እንዲሆንላቸው እንጂ በየሰው ደጅ ቆሞ ቁራሽ እንዲለምን አልፈለጉም። በሁለተኛው ጊዜ የልጁን እጅ በጠፍር አስረው፣ ከበቅሏቸው ኋላ እያስከተሉ፣ በቅዳሜ ገበያ መካከል አሳልፈው አመጡት። ደበሎውን፣ ያንን የተማሪ የበግ ለምድ፣ በማጭድ ቀዳደዱበት። ልጁ አላለቀሰም። በሦስተኛው ሲሄድ ግን እንዳይገኝ ሆኖ ሄደ።

ያን ጊዜ የአቶ አድማሴ ልብ ተሰበረ። ወፍጮውን ለሠራተኛ ትተው፣ ስንቅ ቋጥረው፣ ከደጀን እስከ መርጡለ ማርያም ያሉትን ጉባኤ ቤቶች ሰባት ዓመት ዞሩ። የደረሱበትን ሁሉ ቀን እየቈረጡ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ይጽፉ ነበር። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ደብተሩ ከትራሳቸው ሥር ተገኘ። ትሕትና ድረ ገጹን የምትሠራው ከዚያ ደብተር ነው።

ባልደረባዋ ሃኒ ወንበሯን እያንሸራተተች መጣች። ሁለቱ በአንድ ዓመት ተመርቀው በአንድ ክፍል የሚያስተምሩ ናቸው፤ ልዩነታቸው ትሕትና በወርቅ ሜዳሊያ፣ ሃኒ ደግሞ፣ ራሷ እንደምትለው፣ «በእግዚአብሔር ቸርነት» መመረቃቸው ነው።

«ጠራዡ ምን አለሽ?» አለች።

ጠራዥ የሚሉት ፕሮግራሙን ነው፤ ስሙን ያወጣችለት ትሕትና ናት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱን ጽሑፍ እንደ ተራ ማስታወሻ በየራሱ ፋይል መጻፍ፣ በራስጌው ርእሱንና ቀኑን ማስፈር፣ ከዚያ የአንድ መስመር ትእዛዝ መስጠት። ፕሮግራሙ የተበታተነውን ሰብስቦ፣ በቀን ቅደም ተከተል አሰልፎ፣ ሁሉንም በአንድ መልክ ሰፍቶ፣ ያለቀለት ድረ ገጽ አድርጎ ያወጣዋል፤ ብራና ጠራዥ ቅጠሉን በክር ሰፍቶ በገበታ እንደሚደጉሰው። ጌጥ የለውም፤ የሚርገበገብ ነገር የለውም። ግን ቀላል ነው። በተራራ ላይ የሚኖር ተማሪ ኔትወርኳ አንዲት ዘንግ ብቻ በሆነች ስልክ ሊከፍተው ይችላል። ትሕትና የመረጠችው ስለዚህ ነበር። ጉድለቱንም ታውቃለች፤ እንዲህ ያለው ገጽ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ማን እንዳነበበው አይቈጥርም፤ የአንባቢውንም መልስ አይቀበልም። ስለዚህ በግርጌው የስልክ ቁጥሯን አኖረችበት።

«ጳጉሜንን አልቀበልም አለ» አለች።

«እንዴት ይቀበል!» ሃኒ በሣቅ ፈነዳች። «ፈረንጅ ዓመቱን በዐሥራ ሁለት ከፍሎ ትርፍራፊውን ለየወሩ አጉርሶታል። አንቺ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስታመጪበት አበደች ይልሻል እንጂ። በይ ወደ ፈረንጅ ለውጪውና እንሂድ፤ ዝናቡ ሳያባራ እኔም ልጠመቅበት።»

«የሄደው በጳጉሜን ነው፤ በሴፕቴምበር አይደለም።»

«እናቴ ትሙት፣ አንቺስ ችክ ነሽ! እሺ፣ ወንድምሽ ቢያነበው በየትኛው ነው የሚያውቀው?»

«በጳጉሜን።»

«ጠራዡስ?»

ትሕትና ወደ ቁልፎቹ ተመለሰች። ትንሽ አሰበችና ለጠራዡ የጠራዡን ቀን በራስጌው፣ ለወንድሟ የወንድሟን ቀን በጽሑፉ መጀመሪያ አደረገች። ከዚያ በኋላ የደብተሩን ቀኖች ሁሉ አንድ በአንድ ማስላት ግድ ሆነባት፤ የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ስለማይሞላ፣ አባቷ በጥቅምት 30 የጻፉትም እንደ ጳጉሜን ሁሉ የማይታወቅ ቀን ነበረና። ሃኒ እየተነጫነጨች የቀን መቁጠሪያውን ታነብላት ጀመር፤ ሳትጠመቅም ዝናቡ አባራ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የደብተሩ ዐሥራ ሰባት ገጾች በተራቸው ተሰልፈው ወጡ። ከላይ በጉልህ «አለበል አድማሴን ያያችሁ» ይላል። ትሕትና የአባቷን ቃል አልነካችም፤ አንዲት ፊደል እንኳ አላቃናችም። ከገጾቹ አንዱ እንዲህ ይነበባል፦

«ጥር 9 ቀን 1998 ዓ.ም.። ከደጀን አለፍ ብሎ ካለ ጉባኤ ቤት ደረስሁ። ተማሪዎቹ አናውቀውም አሉኝ። ውኃ አጠጡኝ። አንዱ እግሬን ልጠብ አለ፤ እንቢ አልሁ። የእኔ ልጅ የሰው አባት እግር አጥቦ ይሆን እያልሁ ተመለስሁ።»

ከሁሉ በኋላ የምትገኘው ዐሥራ ስምንተኛዋ ገጽ ግን ከደብተሩ የተቀዳች አልነበረችም። እርሷን የተናገሩት እናቷ ወይዘሮ የብርጓል ናቸው፤ ትሕትና ባለፈው እሑድ አማኑኤል ወርዳ ከአፋቸው ጽፋ ያመጣችው ነው። «ልጄ አለበል፤ አባትህም እኔም ደጅ ደጁን እያየን ነው። ና» ትላለች።

«እማዬ፣ አባባ እኮ የለም» ብላቸው ነበር ያን ቀን፣ ብዕሯን አንሥታ። «ያላረፈ አስመስለን እንጻፍ?»

«ታዲያ ሞቷል ብለሽ ልትጽፊ ኖሯል?»

«እውነቱ እርሱ ነዋ።»

«እውነትም ወግ አለው!» ወይዘሮ የብርጓል ምስር የሚለቅሙበትን ሰፌድ አስቀመጡ። «መርዶ ለሰው የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ቆሞ ነው። ልጄ ብቻውን በሰው አገር፣ ከመንገደኛ ስልክ ላይ የአባቱን ሞት ያንብብ? ከእርሱ በፊትስ ስንቱ ሊያነበው ነው? የአባቱን ሞት አገር ሰምቶት እርሱ ሳይሰማ ይዋል? አይሆንም። ይምጣና እኔ ዐቅፌው ይስማ።»

ትሕትና ከልጅነቷ ጀምሮ ውሸት የማትወድ፣ ፈተና ላይ እንኳ የጓደኛዋን ወረቀት አይታ የማታውቅ ልጅ ነበረች። ቢሆንም በዚህ ነገር እናቷን መርታት አልሆነላትም፤ ደግሞም በልቧ እናቷ ልክ ናቸው አለች። እንደ ተነገራት ጻፈች።

ገጾቹን ወደ ድረ ገጹ ማስቀመጫ ስትልክ ሃኒ ትከሻዋን ይዛ ቆመች። «ይኸው! አሁን ዓለም ሁሉ ያየዋል።»

«ዓለም አያስፈልገኝም» አለች ትሕትና። «አንድ ሰው ይየው።»

መስከረም አለፈ፤ ጥቅምት አለፈ። ስልኳ አልፎ አልፎ ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ታነሣዋለች። አንዱ ወንድምሽን ደጀን ላይ ከሲኖትራክ ሲወርድ አይቼዋለሁ አላት፤ ዕድሜው ስንት ይሆናል ብትለው «ሃምሳ አይሞላም» አለ። አንዲት እናት የእኔንም ልጅ ጻፊልኝ ብላ አለቀሰችባት፤ ትሕትናም ጻፈችላት። ሌላው ደግሞ ስለ አለበል አንድም ነገር ሳይጠይቅ «አንቺስ አግብተሻል?» አለ።

ኅዳር 6 ቀን ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ተማሪዎቿን አሰናብታ ሰሌዳ ስታጠፋ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አታውቀውም።

«ትሕትና አድማሴ የምትባዪው አንቺ ነሽ ልጄ?» ድምፁ የሽማግሌ ነው፤ ቀስ ያለና የጠራ።

«አዎ፣ ነኝ።»

«መሪጌታ ፍሥሐ እባላለሁ። ከመርጡለ ማርያም የግማሽ ቀን መንገድ ርቄ ቅኔ አስተምራለሁ። ይህን ያንቺን ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ ከስልኩ ላይ አገኘና ማታ ከእራት በፊት ለጉባኤው ሁሉ አነበበው።»

ትሕትና ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «እሺ የኔታ።»

«ረዳቴ የሆነ ሰው ነበረ፤ ኪዳነ ማርያም የምንለው። ከእኔ ዘንድ ስድስት ዓመት ኖሯል። አገሬ ወሎ ነው ይል ነበር። ሲነበብ ሰምቶ ስልኩን ተቀበለና ብቻውን ፈቀቅ ብሎ አነበበ። ሦስት ጊዜ ሳያነበው አልቀረም። መለሰለት፤ ቁራሹን በላ፤ ገባ። ጧት ጎጆው ባዶ ሆነ። ደበሎውንና መጽሐፉን ይዞ ሄዷል።»

«የኔታ... ሲሥቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል?» ኪዳነ ማርያም የወንድሟ የክርስትና ስም ነው፤ ፊት ጥርሱም ከወፍጮ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ በልጅነቱ ተሸርፎ ነበር።

በስልኩ ውስጥ ነፋስ ተሰማ። «ስድስት ዓመት ሙሉ» አሉ መሪጌታ «ሲሥቅ ጥርሱን አላየሁለትም።»

ትሕትና ጠመኔ የያዘችበትን እጇን በዐይኖቿ ላይ አደረገች። አለ። በሕይወት አለ። ሊቅ ሆኗል፤ ረዳት ሆኗል። ቃሏንም ሦስት ጊዜ አንብቧል።

«ታዲያ ለምን ሄደ የኔታ? ና ነው እኮ ያልነው!»

«እኔም እርሱን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ። ተማሪው የደብተሩን ቃል ሲያነብ ኪዳነ ማርያም ራሱን አቀርቅሮ ነበር። ኋላ 'አባትህም እኔም ደጅ ደጁን እያየን ነው' የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና አለ፤ ፊቱ ልክ አልነበረም። አባቱን ፈራ ልጄ። እዚህ እንዳለ ካወቁ ነገ በቅሏቸውን ጭነው የሚመጡ መሰለው። ታስሮ በገበያ መካከል ያለፈ ሰው የቱንም ያህል ቢማር ያን ጠፍር ከእጁ ላይ አያወልቀውም።»

«አባቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው የኔታ።»



«ነፍስ ይማር» አሉ መሪጌታ። «እንግዲያስ ለምን ያሉ አስመስላችሁ ጻፋችሁት?»

«መርዶ በስልክ ላይ ይነገራል?»

«አይነገርም፤ እውነትሽን ነው።» ተነፈሱ። «እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ግን ተመልከቺ፤ ልጁ ከሌለ ሰው ሸሸ።» ቀጥለውም፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «አንድ ነገር ልናዘዝልሽ» አሉ። «አባትሽ እኔም ዘንድ መጥተው ነበር፤ በደብተሩ ላይ ሰማሁት። 'መምህሩም አናውቀውም አሉኝ' ብለው የጻፉት እኔን ነው። ልጁ ከኋላዬ ካለው ጎጆ ውስጥ ነበር። ተማሪ አሳልፎ መስጠት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና አናውቀውም አልኋቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።»

ትሕትና ልትቈጣ ፈለገች፤ ቍጣው ግን ከየት እንደሚመጣ አጣችው። «ወዴት የሄደ ይመስልዎታል?» አለች ብቻ።

«ወዴት እላለሁ? አገሩ ሁሉ ጉባኤ ቤት ነው። ስሙንም ይለውጣል።»

ያንኑ ዕለት አመሻሽ ላይ በሚኒባስ አማኑኤል ገባች። ወይዘሮ የብርጓል የነገሩን መጀመሪያ ሲሰሙ እልል ሊሉ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ መጨረሻውን ሲሰሙ እጃቸው እዚያው ቀረ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ ያባረርሁት። የሞተውን አባቱን ከመቃብር አንሥቼ አስፈራራሁበት።»

«ሁለታችንም ነን እማዬ። የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

በማግሥቱ የአቶ አድማሴ የንስሐ አባት የነበሩትን ቄስ ሙላትን አስጠሩ። ቄስ ሙላት ነገሩን ሰምተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አሰቡ።

«እኔ መርዶ ያረዳሁት ሰው ሁሉ ፊቱን እያየሁ ነው» አሉ። «እንዳይወድቅ ከኋላው ሁለት ጎልማሳ አቁሜ ነው። ይህን ልጅ ማን ይይዘዋል?»

«መያዝስ በቃው ልጄን» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ይነገረው አባ። እንዳይፈራ ይነገረው። ግን እንደ ወጉ ይነገረው። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በእርስዎ አንደበት። እርሷም እርስዎ እንዳሉት ትጻፈው።»

ቄስ ሙላት ወደ ትሕትና ዞሩ። «ይቻላል ልጄ?»

«ይቻላል አባ።»

ረቡዕ፣ ገና ሳይነጋ፣ ጎረቤት አንድ ሁለት እያለ ገባ። ወይዘሮ የብርጓል ነጠላቸውን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰው ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ ሆኑ። ትሕትና ላፕቶፑን በአባቷ የእንጨት ሣጥን ላይ አስቀምጣ፣ ስልኳን ኔትወርክ ከሚገኝባት ከመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረች። ቄስ ሙላት መስቀላቸውን ይዘው በመካከል ቆሙ፤ ግራ ቀኙን አዩ።

«ወዴት ዞሬ ልናገር?»

ከሴቶቹ አንዷ ሣቋ ሊያመልጣት ሲል በነጠላዋ አፈነችው። ትሕትና ግን በጣቷ ወደ ስክሪኑ አመለከተች። «ወደዚህ አባ። እዚህ የተቀመጠ አድርገው ይዩት።»

ቄስ ሙላት ጎንበስ ብለው፣ ከባዶው ነጭ ገጽ ጋር ፊት ለፊት ሆነው ጀመሩ። ሰው ለሚያረዱት እንደሚናገሩት በቀስታ፣ ቃሉን እያሳረፉ ተናገሩ። ትሕትናም የእናቷን የቀድሞ ገጽ አንሥታ በስፍራዋ ጻፈች፦

«ልጄ አለበል፤ በክርስትና ስምህ ኪዳነ ማርያም። ተቀመጥ። ልብህን ጠንከር አድርግ። አባትህ አድማሴ ግንቦት 9 ቀን 2004 ዓ.ም. ዐርፏል። ንስሐውን እኔ ተቀብዬዋለሁ። በደብራችን ተቀብሯል፤ ሰው ሁሉ ወጥቶለታል። ሲያርፍ እንዲህ ብሏል፦ 'ካገኛችሁት አታምጡት። የቀደድሁበትን ደበሎ ተክታችሁ ስጡትና ተመለሱ። ይቅር በለኝ በሉልኝ።' እንግዲህ የሚያስርህ የለም። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ቄሱ ቃላቸውን ሲጨርሱ ወይዘሮ የብርጓል ጮኹ። ጎረቤቱም አብሮ ጮኸ፤ ሰውየው ገና ያን ሌሊት የሞቱ ያህል አለቀሱላቸው። ትሕትና እንባዋን እየጠረገች ትእዛዙን ጻፈች። ጠራዡ ያለ አንዳች ቅሬታ ገጾቹን ጠረዘ። የመላኩን ግስጋሴ የሚያሳየው ቀጭን መስመር ግን በኔትወርኩ ድካም ግማሹ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ልቅሶውም እንደ ቀጠለ እርሱም እንደ ቆመ ቆየ። ጎሕ ቀዶ ወፍ መንጫጫት ሲጀምር መስመሩ ሞላ።

«ሄደ?» አሉ ወይዘሮ የብርጓል።

«ሄደ እማዬ።»

«የእኔንም ጨምሪበት። እንግዲህ ና በዪው።»

ጨመረችበት።

ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ። ትሕትና በየወሩ መጀመሪያ ለመሪጌታ ፍሥሐ ትደውላለች፤ እርሳቸውም በየአቅጣጫው ለሚሄዱ ተማሪዎች «ረዳቴን ብታገኙት ያን ጽሑፍ እንደገና ያንብበው በሉት» ብለው እንደ ላኩ ይነግሯታል። አንብቦት እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ገጹ አንባቢ አይቈጥርም። አንድ ሰው ከፍቶት፣ አልቅሶ፣ ዘግቶት ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ማንም ከፍቶት አያውቅም ይሆናል፤ ለገጹ ሁለቱ አንድ ናቸው። ትሕትና ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ራሷ ትከፍተዋለች። ዐሥራ ስምንተኛው ገጽ እስኪመጣ ትጠብቅና ወንድሟ በሚያነብበት ዐይን ልታነበው ትሞክራለች፤ ሃያ ስድስት ዓመት የሞላውን ፊት ግን ማሰብ ያቅታታል፤ የሚመጣላት ሁልጊዜ በዝናብ የራሰ የልጅ ፊት ነው።

«ሌላ መላ ብታበጂስ?» አለቻት ሃኒ አንድ ቀን። «መልስ የሚጻፍበት ሣጥን ያለው፣ ማን እንደ ገባ የሚነግርሽ። ለአንቺ የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

«ማን እንደ ገባ የሚናገር ከሆነማ አይገባም» አለች ትሕትና።



በየካቲት ወይዘሮ የብርጓል «'ና' የሚለውን አጥፊው» አሉ። «ና ስንለው ነው የሚሸሸው። ደውል ብቻ በዪው።» ትሕትና አንዲቱን ቃል አንሥታ ሌላዋን ተካች፤ ገጾቹን እንደገና ጠረዘች፤ እንደገና ላከች። ስልኳን በትራሷ ሥር እያደረገች ማደር ጀመረች። ፋሲካ መጣ። ክረምቱ ጥግ ጥግ ይል ጀመር።

በሰኔ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እናትና ልጅ በደጃፉ ተቀምጠው ሳለ ወይዘሮ የብርጓል «አምጪው እስኪ ያን ዕቃሽን» አሉ።

ትሕትና ላፕቶፑን አምጥታ በጉልበቷ ላይ ከፈተችው።

«'ደውል' የሚለውን አጥፊው።»

«እማዬ፣ ታዲያ ምን ልንል ነው? ይህንም ካጠፋነው ምን ቀረን?»

«ብዙ ለምነነዋል መሰለኝ። እንደ መሻቴ ልጄን ላገኘው አልችልም» አሉ ወይዘሮ የብርጓል። «በየጧቱ ስጸልይ አማኑኤልን እጠራለሁ፤ ጊዮርጊስን እጠራለሁ፤ በዚህ አገር ያለውን ታቦት ሁሉ እዞራለሁ። ልጄ ከማን ጉያ እንዳለ ስለማላውቅ አደራዬን ለማን እንደምሰጥ ግራ ገባኝ። ጻፊ።»

ትሕትና ጻፈች። እናቷ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ አስለወጧት፤ ከዚያ ይብቃው አሉ። ያን ዕለት ኔትወርኩ ብርቱ ስለ ነበረ መስመሩ ሳይቆም ሞላ።

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። ሃኒ አግብታ ባሕር ዳር ገብታለች። የትሕትና ስልክ ቁጥር አልተለወጠም። አዲስ ስልክ ብትገዛም፣ ሌላ ሥራ ብታገኝም፣ ያችን ቁጥር አልለወጠችም። ድረ ገጹም እንደ ተጠረዘ አለ። ከዐሥራ ሰባቱ የአባት ገጾች በኋላ፣ ከመርዶውም በታች፣ እናቱ ያጻፏት ቃል ማንም ሳይመልስላት ዛሬም እንዲህ ትላለች፦

«ልጄ፤ አትምጣ፤ አትደውል። በየትኛው ታቦት ጥላ ሥር እንዳለህ ብቻ፣ በመንገደኛም ቢሆን ላክብኝ። ስጸልይ ስሙን እንድጠራው ነው። አንመጣም።»